ፈቃዱ ይነሳልኝ

ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ
ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለወ/ሮ ተናኘ
ኦዳ ጋራ፣ ጫካው ውስጥ ወይም ጫካው አጠገብ

ጉዳዩ፦ በሕይወት መኖሬን ስለማሳወቅ

እንደምን ከርመሻል? እኔ ከናፍቆት፣ ከጉንፋንና ከእትዬ አበራሽ በስተቀር ደኅና ነኝ። ናፍቆቱን እችለዋለሁ፣ ጉንፋኑም ሲበቃው ይለቀኛል። እትዬ አበራሽ ግን የአጥር ጎረቤት ናትና ወዴትም አትሄድም። በየማለዳው አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ «መምህርቷ ዛሬም አልመጣችም?» ትለኛለች። «ሥራ ላይ ናት» እላታለሁ። «እህ... ጫካ ውስጥ?» ትላለች። ያቺን «እህ» ብትሰሚያት በዚያኑ ቀን ሚኒባስ ትሳፈሪ ነበር።

በሰው ላስጠየቅሽኝ መልስ፦ አዎ፣ የሚያፈሰው ቆርቆሮ ተጠግኗል። የለም፣ እኔ ጣሪያ ላይ አልወጣሁም። ስለ አውራ ጣቴ ማን እንደነገረሽ ባላውቅም፣ ከጣሪያው ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ስትሄጂ «ለአንድ ሳምንት ነው» ብለሽኝ ነበር። አንቺና ጓደኛሽ ኢሕሳን እንግዳ እየመራችሁ ጫካ ልታስጎበኙ ያወጣችሁት ላይሰንስ ከሠርጋችን ፎቶ ጎን ተሰቅሏል። ጎን የምለው ለክብራችን ብዬ ነው እንጂ ከፎቶው ከፍ ብሎ ነው፤ ምስማሩንም የመታሽው አንቺ ነሽ። ማኅተሙ ክብ ነው፣ ፊርማው እንደ ደንቡ አይነበብም። እኔ ዕድሜዬን መዝገብ ቤት የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ ከዚህ የተሟላ ወረቀት አላየሁም። ታዲያ ኦዳ ጋራ ላይ ምን ይዞሽ ነው? ወይስ ማን? (የመጨረሻዋን ጥያቄ እንደተሰረዘች ቁጠሪልኝ።)

ከሰላምታ ጋር
ፈለቀ

ግልባጭ፦ ለራሴ


ኦዳ ጋራ
ኅዳር 13

ፈሌ፣

ሳልጽፍልህ በመቆየቴ ይቅርታ። እዚህ ኔትወርክ የሚገኘው ትልቁ ቀረሮ ዛፍ ጫፍ ላይ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ጉሬዛዎቹ ይዘውታል። ስለዚህ ደብዳቤያችን በአጋሮው ሚኒባስ ይመላለስ። ሹፌሩ ታማኝ ነው፤ ያልታሸገ ካልሆነ አያነብም።

የለም፣ ብርዱ አይደለም። ምግቡም አይደለም፤ እንዲያውም ማር ሰለቸኝ። ያቆየኝ ሌላ ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ለከተማው ነው፣ ለግብሩ። ጫካው ግን የመንግሥት ነው፣ የሚጠብቀውም የደን ማኅበሩ ነው። እዚህ ያለ ፈቃዱ እንግዳ ይዞ መግባት ቀርቶ ጎንበስ ብሎ እንጉዳይ ማየት አይቻልም። ቢሮው በር ላይ ምን ያህል ስጠብቀው ከረምኩ መሰለህ! ዛሬ ስብሰባ ይሉኛል፣ ነገ መስክ ይሉኛል፤ ከዚያ ቡና ለቀማ ደረሰና ቢሮው ውስጥ የቀረው ወንበሩ ብቻ ሆነ።

ትናንት ግን፣ ፈሌ፣ ፈቃዱን አገኘሁት! ደስታዬን ልነግርህ አልችልም። ስንወጣ ዝናቡ ወረደብን፤ እንዳይበሰብስብኝ ጋቢዬን አልብሼ፣ ደረቴ ላይ አጥብቄ ይዤው መጣሁ። ኢሕሳን ስታየው «አልሐምዱሊላህ!» ብላ ሳመችው። እኔም ሳምኩት፤ ምን ይደረግ።

ጥር ላይ ወፍ አይተው የማይጠግቡ እንግዶች ይመጡልናል፤ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ከትምህርት ቤቱ ያለ ደመወዝ የወጣሁበት ጊዜ የካቲት ላይ ያልቃል። እነዚህን እንግዶች ይዤ ጫካው ከገባሁ ማስተማሩን እሰናበታለሁ። ካልገባሁ ዘጠነኛ ክፍል ቆሜ፣ እውነተኛው ቅጠል በመስኮቱ እየታየ፣ በጠመኔ ቅጠል ስስል ዕድሜዬ ያልቃል። ይህን ስልህ እየቀለድኩ አይደለም።

ጣትህን ንጹሕ ነገር ላይ አድርገው።

ተናኘ


ጅማ
ኅዳር 19
(ተጽፎ ያልተላከ)

ተናኘ፣

ማነው ይሄ ፈቃዱ? ጅማ ውስጥ የማውቃቸው ፈቃዱዎች ሁለት ናቸው። አንዱ ጅሬን መውጫው ላይ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሌላው ሞቷል። የአንቺው የትኛው ነው? ያለ እሱ እንጉዳይ እንኳ አይታይም? እንጉዳይ ለማየት ምን የሚያህል ወንድ ያስፈልጋል?

እኔ ስንት ዘመን ዝናብ ሲመታኝ ኖሬያለሁ። ጅማ ነው፤ ሌላ ምን ይመታል? አንድ ቀን ጋቢ አልብሰሽኝ ታውቂያለሽ? ገበያ መሐል የያዘን ዝናብ ትዝ ይልሻል? ጃንጥላውን የያዝሽው ለበርበሬው ነበር! እኔ ጎኑ ነበርኩ። ከበርበሬው ጎን!

ደግሞ «ሳምኩት» ብለሽ ትጽፊልኛለሽ። «ምን ይደረግ» ብለሽ! ምን እንደሚደረግ እኔ ልንገርሽ፦


ጅማ
ኅዳር 20

ለወ/ሮ ተናኘ

ጉዳዩ፦ ደስታዬን ስለመግለጽ

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ደስ ብሎኛል። ደስ ያለኝ መሆኑ በዚህ ደብዳቤ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ።

ዝናብ እንዳላገኘው ማወቄም እፎይታ ሰጥቶኛል። እትዬ አበራሽ ደብዳቤውን ከእጄ ነጥቃ አንብባ «ውይ! እኔ ለሟቹ ባሌ እንኳ እንዲህ ሆኜ አላውቅም» ብላለች። ከዚያ ወዲህ የምታናግረኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው፤ ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው።

እንደ ባል የምጠይቅሽ ነገር የለኝም። እንደ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ግን ስለ እሱ የተሟላ መረጃ እንዲኖረኝ ስለምፈልግ፣ ጥያቄዎቼን በተለየ ወረቀት ጽፌ አያይዣለሁ። በግልጽ መልሺልኝ። ለጤናዬ አታስቢ። እንቅልፍ የሚባለው ነገር መጀመሪያውኑም ከመጠን በላይ የተወራለት ነው።

አክባሪሽ
ፈለቀ

አባሪ፦ አንድ ገጽ፣ በሁለቱም በኩል


ኦዳ ጋራ
ታኅሣሥ 1

ፈሌዬ፣

አባሪህን ሳነብ እንባዬ መጣ። ይህን ያህል ዘመን አብረን ስንኖር ስለ ሥራዬ እንዲህ አብጠርጥረህ ጠይቀኸኝ አታውቅም። ኢሕሳንም «እንዲህ ያለ ባል ከየት አመጣሽ?» አለችኝ። ስለዚህ አንድም ሳልደብቅ እመልሳለሁ።

ዕድሜውን ጠይቀኸኛል። ያን ያህል ረጅም አይደለም፤ ግን በየጊዜው ይታደሳል፣ ሲታደስ እንደ አዲስ ነው ይላሉ። የማን እንደሆነ ለጠየቅኸው፦ የእኔ ብቻ አይደለም፣ የኢሕሳንም ነው። ተስማምተናል፤ እሷ አጋሮ ስትወርድ ይዛው ትወርዳለች፣ ስትመለስ እኔ ጋ ይሆናል። እስካሁን አልተጣላንበትም።

ኦቦ ገመቹ ያውቃል ወይ? ምን ማለትህ ነው፣ የማኅበሩ ሊቀመንበር እኮ ነው! ፈቃዱን እንዳገኝ መንገዱን ያሳየኝ ራሱ ነው። ሰው ሁሉ ፊት አምጥቶት ሽማግሌዎቹ «ጋሪዳ፣ ጋሪዳ!»፣ መልካም ነው ብለው መረቁን። ብዙ ሰው ሲመኘው ለእኛ መሆኑ ያስቀናቸው አሉ፤ እነሱን ተዋቸው።

ይበቃሻል ወይ ላልከው፣ ለዚህ ጫካ ይበቃኛል። ሌላ ጫካ ከሄድን ግን ሌላ ማግኘት አለብን፤ በአንድ ሁለት ቦታ አይሆንም።

የመጨረሻው ጥያቄህ አሳቀኝ። አዎ፣ በእሱ እኮራለሁ! ለምን አልኮራም? ለገና ይዤው እመጣለሁ፤ አንተም ዓይተኸው ደስ ይበልህ። እትዬ አበራሽም ትየው።

ያንተዋ
ተናኘ


ጅማ
ታኅሣሥ 9

ለወ/ሮ ተናኘ

ጉዳዩ፦ የተወሰደ እርምጃን ስለማሳወቅ

ለገና እንዳታመጪው። ቤቴ ጠባብ ነው፣ ዶሮዋም አንድ ናት።

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ብዙ አሰብኩ። በየጊዜው ይታደሳል! ፀጉሩን ቀለም ይቀባል ማለትሽ ነው? ሽማግሌ መርቆታል፣ ኢሕሳን ይዛው አጋሮ ትወርዳለች፣ ሌላ ጫካ ሲኬድ ሌላ ይመጣል። ተናኘ፣ እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። መሣሪያ የለኝም፤ ያለኝ ብዕር ነው። ስለዚህ የተማረ ሰው የሚያደርገውን አደረግኩ፦ አመለከትኩ። ማመልከቻዬ ከዚህ ቀደም ብሎ በዚያው ሚኒባስ ሄዷል። ነገሩ በሕግና በግልጽ እንዲሆን ቃሉን እንዳለ ገልብጬልሻለሁ፦

«ለኦዳ ጋራ ደን ጽሕፈት ቤት። ጉዳዩ፦ ፈቃዱ እንዲነሳልኝ ስለመጠየቅ። ከላይ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ ፈቃዱ በባለቤቴ በወ/ሮ ተናኘ እጅ ከገባ ወዲህ ባለቤቴ ቤቷን ረስታለች። ፈቃዱ ለትዳር፣ ለእንቅልፍና ለመልካም ጉርብትና ጠንቅ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ፈቃዱን ሁለት ሴቶች በጋራ መያዛቸውም ከሕግም ከይሉኝታም ውጭ ነው። ስለሆነም ፈቃዱ በአስቸኳይ ከባለቤቴ ላይ ተነሥቶ ወደ ሌላ ወረዳ፣ ቢቻል ወደ ደዶ፣ እንዲዛወርልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።»

ደዶ ያልኩት ብርዱን ስለማውቀው ነው።

እንደምታዪው ስሙን ስጠራ «አቶ» አላልኩትም። ሆን ብዬ ነው። ያን ያህል ክብር ከእኔ አያገኝም።

ፈለቀ


ኦዳ ጋራ
ታኅሣሥ 14

ሰላምታ የለም።

ፈቃዱ ወረቀት ነው። ወረቀት፣ ፈለቀ! ጫካ መግቢያ ፈቃድ! ቤት ሳለን ሁሉንም «ላይሰንስ» እንላለን፤ እዚህ «ላይሰንስ» ስትል መኪና ትነዳ እንደሆነ ነው የሚጠይቁህ። ስለዚህ እንደ ሰው ፈቃድ ማለት ጀመርኩ። ዝናብ እንዳይነካው ያቀፍኩት ወረቀት ነው። የሳምኩት ማኅተም ነው። የሚታደሰው በየዓመቱ ነው፣ እንደማንኛውም ፈቃድ! መዝገብ ቤት ዕድሜህን ስትጨርስ አንድ ፈቃድ እጅህ ገብቶ አያውቅም?

አሁን የሆነውን ስማ። ማመልከቻህ ቢሮ ደረሰ። እዚህ ሥራው ሁሉ በኦሮምኛ ነውና ጸሐፊዋ ተርጉማ ለኃላፊው አቀረበችው። ኦሮምኛው እንዳንተ አማርኛ ለሁለት አይተረጎምም፤ ሰው ከሆነ ሰው ነው፣ ፈቃድ ከሆነ ሀየማ ነው። «አቶ» የምትል ቃል ብታይ ሰው መሆኑ በገባት ነበር። አንተ ግን ክብር ነፈግከው! ስለዚህ «ሀየምኒ ሀ ሀቀሙ» ብላ ጻፈች፤ ፈቃዱ ይሰረዝ። ባልየው ራሱ ሚስቴን አታስገቡብኝ ካለ እኛ ምን አገባን አሉ።

እኔ በር ላይ ስለምናቸው የከረምኩት ሰዎች ያንተን ጉዳይ በአንድ ቀን ጨረሱት። ደግሞ ቃል በቃል! ፋይሌ ደዶ ተልኳል። እዚያ ያለውን ድንች እንግዶቼን ይዤ ማስጎብኘት እንደምችል ኃላፊው ነገሩኝ። «አዴ ተናኘ፣ ባልሽ ግን አቤት አጻጻፍ!» ብለውም አደነቁህ። ኢሕሳን ምላሷ የማይያዝ ሴት፣ ከትናንት ጀምሮ «ሱብሓነላህ» ከማለት በቀር ቃል አልወጣትም።

መላው አንድ ብቻ ነው። ኦቦ ገመቹ ማኅበሩን ሰብስቦ ነበር። «ማሎ፣ እባክህ፣ ይህቺ ሴት ምን በድላ ነው?» ብለው አባላቱ ጠየቁት፤ «ባሏን ጠይቁት» አላቸው። ስለዚህ የወሰኑት ይህ ነው፦ የጻፈው ሰው ራሱ መጥቶ፣ ማኅበሩ ፊት ቆሞ፣ ለምን እንደጻፈ በአፉ ይናገር፤ ከዚያ ማመልከቻውን ማንሳት ከፈለገ ያንሳው። የሚሰበሰቡት ጥር መጀመሪያ፣ እንግዶቹ ከመግባታቸው በፊት ነው። ካልመጣህ ነገሩ አበቃ።

ስለ ጠመኔው ቅጠል የነገርኩህን ዳግመኛ አልጽፈውም።

ተናኘ


ጅማ
ታኅሣሥ 20

ተናኘ፣

«ጉዳዩ» የሚለውን ዛሬ ምን ብዬ እንደምሞላው ስላላወቅሁ ተውኩት።

ደብዳቤሽን ለእትዬ አበራሽ አላሳየኋትም። ግን ሹፌሩ ነግሯታል፤ በንዴት ሳታሽጊው ነው የላክሽው። አጥሩ ላይ ሆና ስትስቅ ዋለች። «ወረቀት! በወረቀት ቀና!» እያለች። ጣሪያውን የሠራው ሰው ሳይቀር ሰምቷል።

ወረቀት መሆኑን ሳውቅ ቅናቱ የሚለቀኝ መስሎኝ ነበር። ይህን ስጽፍልሽ አፍራለሁ፤ አልለቀቀኝም። ደብዳቤዎችሽን መልሼ አነበብኳቸው። ያኔ «ፈቃዱ» የሚለው ሁሉ ወረቀት መሆኑን እያወቅሁ አነበብኳቸው። ባሰብኝ። ሰው ቢሆን ይሻል ነበር። ሰው ያረጃል፣ ያንኮራፋል፣ አንድ ቀን አጉል ነገር ተናግሮ ታስጠላዋለሽ። ወረቀት ምን ያደርጋል? አንድ ጋቢ ለብሶ ዝም ነው። ስለ እኔ «ደስታዬን ልነግርህ አልችልም» ብለሽ ለማንም ጽፈሽ ታውቂያለሽ? ለእናትሽ እንኳ? እኔን ያገኘሽኝ ቀን ሰማይ ምን ይመስል ነበር፣ ዝናብ ነበር? አላስታውስም፤ አንቺም ተጠይቀሽ «ማክሰኞ ይመስለኛል» ነው ያልሽው።

ስለዚህ ኦቦ ገመቹ ፊት ቆሜ «ተሳስቼ ነው» ብል ውሸት ነው። «የስም ስህተት ነው» ማለት እችላለሁ፤ ስሜ ይተርፋል፣ ይስቃሉ፣ ያበቃል። እውነቱን ማለት ግን እንዴት ይቻላል? ሰው ሁሉ ፊት! በኦሮምኛ ደግሞ! ለቅናት የሚሆነውን ቃል የማውቀው ከገበያ ስድብ ነው።

ለመምጣትም የዓመት ፈቃድ መጠየቅ አለብኝ። አለቃዬ «ምክንያት?» የሚል ቦታ ላይ ምን እንደምጽፍ እየጠበቀ ነው። እኔም እየጠበቅሁ ነው።

ፈለቀ


ኦዳ ጋራ
ጥር 4

ፈሌ፣

በሰላም ገባህ? ሹፌሩ «እንዲህ ሲሮጥ ሚኒባስ የሚይዝ ሰው አይቼ አላውቅም» ብሎኛል። ተናግረህ ስትጨርስ ዞር ብዬ ባየሁ ቦታህ ባዶ ነው። ውሃ እንኳ አልሰጠንህም። ስለዚህ በሹፌሩ እጅ ለላክኸው «ተመለሰ?» የምትል አንዲት ቃል ጥያቄ ብቻ ሳይሆን ሸሽተህ ላልሰማኸውም ሁሉ እመልሳለሁ።

መጀመሪያ ስለ አነጋገርህ። «ሂናፌ» ስትል ቃሉ ልክ ነው፣ ቀናሁ ማለት ነው፤ ግን ድምፅህ እንደ ክስ ነበር፤ ከኋላ ያሉት ሌላ ሰው የምትከስ መሰላቸው። ኦቦ ገመቹ «በማን ነው የቀናኸው?» ሲልህ «የስም ስህተት ነው» ትላለህ ብዬ ጠብቄ ነበር። እኔም በአንተ ቦታ ብሆን እሱን ነበር የምለው። አንተ ግን ቀና ብለህ «በወረቀቱ። ከእኔ የበለጠ ወደደችው» አልክ። ያን ጊዜ ነው የሮጥከው። እውነት ለመናገር እኔም መሮጥ አምሮኝ ነበር፤ ወዴት እንደሆነ ግን አልነግርህም።

ከዚያ ወንዶቹ ሳቁ። ሳቅ ብቻ አይደለም፣ ከወንበር ወረዱ። ሴቶቹ ግን አልሳቁም። ከዚያ የኦቦ ገመቹ ባለቤት ተነሳችና ለእሱ እንዲህ አለችው፦ «ገመቹ፣ እናቴ ጋ ሰንብቼ ስመለስ ምን ብለህ ነው የተቀበልከኝ?» እሱ አጀንዳውን አገላበጠ። «‹ቡናው ደርቋል ወይ› ነው ያልከኝ! አንድ ቀን በወረቀት እንኳ ቀንተህብኝ ታውቃለህ?» ሊቀመንበሩ «ይህ አጀንዳ አይደለም» አለ። «ሆኗል!» አለች። ሌላዋ ተነሳች፤ የእሷ ባል የሚቀናው በንብ ቀፎው ብቻ ነው አለች። ሌላዋ ባሏ ስሟን ከጠራ ቆይቷል፤ ስትጠይቀው እዚያው ተሳሳተ። እግዜር ያሳይህ፣ ስብሰባ ሳይሆን ሠርግና ፍርድ ቤት የተቀላቀለበት ነበር። ኢሕሳንም ቃሏ ተመለሰላት፤ ከሁሉም በላይ የጮኸችው እሷ ናት፣ ገና ባል ሳታገባ።

ፈቃዱ ይመለስ ወይ ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ ሴቶቹ ጥያቄው ተነብቦ ሳያልቅ እጃቸውን አወጡ። ወንዶቹም ሚስቶቻቸው አጠገብ ስለተቀመጡ አወጡ። ለላክኸው ቃል መልሱ ይኸው ነው፦ አዎ፣ ተመለሰ። ፋይሉ ከደዶ በሞተር መጣ፤ ድንች ድንች ይላል። እንግዶቹ ሰኞ ይገባሉ፣ እኔም አብሬያቸው እገባለሁ። ትናንት ለርዕሰ መምህሩ የመሰናበቻ ደብዳቤ ጻፍኩ። ረቂቁን እንድታርምልኝ ልልክልህ አስቤ ነበር፤ ግን እንደ አንተ ማመልከቻ ቃል በቃል ቢፈጸም ብዬ ፈራሁ።

ስለ ማክሰኞው ጉዳይ አሁን አልጽፍልህም። የሚጻፍ ነገር አይደለም። ሲጻፍ ሹፌሩ ያነበዋል።

አንድ ነገር ግን መናገር አለብኝ። ማመልከቻህን መጀመሪያ ቢሮ ውስጥ ሳነበው በንዴት ልቀደው ነበር። ካንተ በኋላ፣ ትናንት፣ አንድ ጊዜ ልየው ብዬ ጠየቅኋቸው። «ፈቃዱ ለትዳር፣ ለእንቅልፍና ለመልካም ጉርብትና...» ኢሕሳን አጠገቤ ቆማ ፊቴን ስታይ «አንቺ፣ ይህን ይመስላል እንዴ ንዴት?» አለችኝ። ውሰጂው ይሉኛል ብዬ ነበር፤ መዝገብ ውስጥ ይቀመጣል አሉ።

አሁን ደግሞ ችግር መጥቷል። የመንደሩ ሴቶች እየመጡ ነው። ባሎቻቸው መጻፍ ስለማይሆንላቸው፣ አንተ በባሎቻቸው ስም እንዲያ ያለ ማመልከቻ እንድትጽፍላቸው ይፈልጋሉ። የኦቦ ገመቹ ባለቤት ማር ይዛ ነው የመጣችው። አንዷ፣ ወጣቷ፣ ጥርሷ ሙሉ የሆነው፣ ባሏን እንኳ አትፈልገውም፤ «ዝም ብሎ በራሱ ስም ይጻፍልኝ» ብላለች።

ማሩን መልሻለሁ። ለሁሉም የነገርኳቸው አንድ ነው፦ እኔ አልፈቅድም።

ተናኘ